ፓምፑን የጠገነው ማን ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ለመጻፍ ግን ገና ዛሬ ደፈርኩ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት እጽፋለሁ። ወረዳ ወርጄ ያየሁትን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ለለጋሾች እንዲላክ ማድረግ ነው ሥራዬ። እንግሊዝኛዬ መጥፎ የሚባል አይደለም። ግን የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና ሁልጊዜ ውስጤ ይፈራል። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ግራመር በሚያርም ፕሮግራም ሳላሳልፍ የላክሁት አንድ መስመር የለም።

ሥራ አስኪያጃችንም ፕሮግራሙን ይወዱታል። ሪፖርት ወደ እሳቸው ሲሄድ ፕሮግራሙ የሰጠው ነጥብ ስክሪንሾት ተነስቶ አብሮ መያያዝ አለበት። ከ95 በታች ከሆነ ሳይነበብ ይመለሳል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቀበሌ ሄጄ ለረጅም ጊዜ ተበላሽቶ የቆየ የእጅ ፓምፕ ተጠግኖ አገኘሁ። የጠገነው የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው። እኛ ያደረግነው የውሃ ኮሚቴውን ማሰልጠን ብቻ ነበር። እኔም ‹ዘ ፓምፕ ዎዝ ሪፔርድ› ብዬ ጻፍኩ፤ ፓምፑ ተጠገነ ማለቴ ነው። ፕሮግራሙ አሰመረበት። ፓሲቭ ነው፣ አድራጊው አልተጠራም፤ ወደ አክቲቭ ቀይሪው፣ አድራጊውን ጥሪ አለኝ። ነጥቤ 91 ላይ ቆሟል፣ ሰዓቱ ከቀኑ 11 አልፏል፣ የቢሮው መኪና ሊወጣ ነው። ያቀረበልኝን ሁሉ እየተጫንኩ ተቀበልኩ። ‹ዊ ሪፔርድ ዘ ፓምፕ› ሆነ። እኛ ፓምፑን ጠገንን። ነጥቡ 96 ገባ፤ ላክሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሪፖርቱ እጃቸው ገብቶ ኖሮ ደወሉ። ‹የእኔ ልጆች ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ የታገሉበትን እናንተ ጠገንን ትላላችሁ?› አሉ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ ‹የምትጽፊውን አታነቢም እንዴ?› አሉኝ። ‹ስህተቱ የእኔ ነው› ብዬ ወጣሁ። ፕሮግራሙ እንደቀየረው አልነገርኳቸውም። ያለ ፕሮግራም መጻፍ አትችልም እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ብሶብኛል። ሁለት ፕሮግራም መጠቀም ጀመርኩ፤ አንዱ ኮማ ጨምሪ ሲለኝ ሌላው አውጪ ይለኛል። ለጓደኛዬ የልደት መልእክት እንኳን ሳላሳርም አልላክሁም። አማርኛ ልጽፍ ስል ደግሞ ገጹ በቀይ መስመር ይሞላና አማርኛዬንም እጠራጠራለሁ። ቢሮአችን ውስጥ ድሮ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ትልቅ ሰው አሉ። ‹አምጪ እስኪ ልይልሽ› ብለውኝ ነበር። አፈርኩ፣ አልሰጠኋቸውም። ለሥራ አስኪያጁ እውነቱን ልንገራቸው? ፕሮግራሙን ልተወው? ወይስ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም?

ጨነቀኝ፣ ከሐዋሳ»

እህቴ ጨነቀኝ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ያነበብኩት አንድ ነገር ለማረጋገጥ ነው። ፓምፑን ማን እንደጠገነው አንድም ቦታ ላይ ተምታቶብሽ እንደሆነ ፈለግሁ። አልተምታታብሽም። ቀበሌው ድረስ ሄደሻል፣ አይተሻል፣ ጠይቀሻል። መጀመሪያ የጻፍሽውም እውነት ነበር። ግራመሩም ልክ ነበር። «ዘ ፓምፕ ዎዝ ሪፔርድ» የሚለው ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሳ የእንግሊዝኛ መምህር ያለ አይመስለኝም። እውነት ወደ ፕሮግራሙ ገብታ ውሸት ሆና ወጣች፤ ነጥቡም ከፍ አለ። እንግዲህ ያን ማታ የሆነው ይህ ነው። «የምትጽፊውን አታነቢም እንዴ?» ተብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ ስትወጪ ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ መሆኑ አሳዘነኝ።

ስለ ፓሲቭ ትንሽ እናውራ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው። ፕሮግራሞቹ ፓሲቭ ላይ ሲያሰምሩ ስህተት አገኙ ማለት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ቀጥተኛ ቢሆን ይሻላል የሚል የአጻጻፍ ምርጫ እየነገሩሽ ነው። ችግሩ፣ ስህተቱም ምርጫውም መስመር ስለሚሰመርበት የሚፈራ ሰው ዓይን ውስጥ ሁለቱም ስህተት ሆነው ይገባሉ። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ በፓሲቭ የተካንን ሕዝብ ነን። ብርጭቆ ሰብሮ «ሰበርኩት» ያለ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? «ተሰበረ» ነው የሚለው። ብርጭቆው ራሱ ከመደርደሪያ ላይ የወረደ ይመስል!

ወደ ፓምፑ ልመልስሽ። «ተጠገነ» ስትዪ ፕሮግራሙ «በማን?» ብሎ የጠየቀሽ ያህል ነው። ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። መልሱን ግን ካንቺ አልጠበቀም፤ ራሱ ገመተ። ወረዳ የሚባል ነገር፣ ውሃ ጽሕፈት ቤት የሚባል ነገር፣ ጭቃ ውስጥ ሦስት ቀን የታገሉ ልጆች መኖራቸውን ከየት ያውቃል? ሪፖርቱ ውስጥ «እኛ» የሚል ብዙ ቦታ አገኘ፣ «እኛ» ብሎ ሞላው። ላስከፋሽ ብዬ አይደለም እንጂ፣ ያንቺም ዓረፍተ ነገር ሰዎቹን ስማቸውን አልጠራቸውም ነበር። «የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ፓምፑን ጠገነ» ብለሽ ብትጽፊ ኖሮ አክቲቭ ነው፣ እውነት ነው፣ ኃላፊውም ስልክ ሊያነሱ ቢችሉ ለምስጋና ነበር። ስለዚህ መስመር ስታዪ ወዲያው አትቀበዪ፣ ወዲያውም አትናደጂ። «ምን እየጠየቀኝ ነው?» በይና መልሱን አንቺ ስጪው።

እኔም ከዚህ ጉድ አላመለጥኩም። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት እተረጉም ነበር። አዲስ ጤና ጣቢያ ሥራ መጀመሩን የሚያበስር ማስታወቂያ ነው። በእንግሊዝኛው «ዘ ክሊኒክ ኢዝ ናው ኦፕን» ልል፣ ጣቴ የመጨረሻዋን ፊደል ስታ «ኖት ኦፕን» ብዬ አረፍኩት። አሁን ተከፍቷል የሚለው አልተከፈተም ሆነ። በኮምፒውተሬ ላይ አንዲት መስመር እንኳን አልታየችም። ለምን ትታያለች? ስፔሊንጉ ልክ፣ ግራመሩም ልክ ነው። ማስታወቂያው በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ያየው ጥበቃው ነው። ያውም እንግሊዝኛ ብዙም የማይችል ሰው፣ «ጋሼ፣ ኖት አይደለም ማለት አይደል እንዴ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ያንቺው ተናግሮ አሳሳተሽ፣ የእኔው ዝም ብሎ አሳለፈኝ።

እነዚህ መሣሪያዎች እንዲህ መሆናቸው አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሳንዲፕ ክሪሽናሙርቲ የሚባሉ ምሁር ሆን ብለው በስህተት የታጨቁ ጽሑፎች አዘጋጅተው ለማይክሮሶፍት ዎርድ የግራመር አራሚ ሰጡት። ጆሮ የሚጠልዙ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹን ሳያሰምርባቸው አሳለፋቸው። ከዚያም በፊት «ኮኦፐሬሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ትብብር ማለት ነው፣ ያለ ሰረዝ ተጽፎ ሲያገኙት የማያውቁት የስፔሊንግ አራሚዎች ነበሩ። በምትኩ «ኩፐርቲኖ» የሚል ያቀርቡ ነበር። ኩፐርቲኖ የአፕል ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት የካሊፎርኒያ ከተማ ናት። እንዳንቺ ሰዓት የረፈደበት ሁሉ እየተጫነ ሲቀበል፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች ውስጥ ሳይቀር ትብብር መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ይህች ከተማ ጉብ ብላ ተገኘች። እነዚያን ሰነዶች የጻፉት የገጠር ትምህርት ቤት ልጆች አይመስሉኝም።

የዛሬዎቹ በእርግጥ ከዚያ ዘመኖቹ በጣም ይሻላሉ። የድሮዎቹ ሰው በጻፈላቸው ሕግ ነበር የሚሠሩት። አዲሶቹ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግበው የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ለምደዋል። የጎደለ «ዘ» ወይም «ኤ» መያዝ ላይ ለእኛ ባለውለታ ናቸው። አማርኛችን «ቤቱ» ብሎ መጨረሻው ላይ ይለጥፈዋል እንጂ ፊት የሚቀድም እንዲህ ያለ ቃል ስለሌለው፣ እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ይጠፋብኛል። ግን ብዙ ሰው የሚጽፈውን መልመድና እውነቱን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። «ወረዳ»፣ «ቀበሌ»፣ «በልግ» ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፊ የሚያሰምርብሽ ቃሉ ስህተት ስለሆነ ሳይሆን ስለማያውቀው ነው።

የአማርኛው ቀይ መስመር ደግሞ ምንም አያስጨንቅሽ። «አልነገርናቸውም» የሚለውን ተመልከቺ። እንግሊዝኛው በአምስት ቃል የሚለውን እኛ በአንድ ቃል ጨርሰነዋል። ከአንድ ግስ እንዲህ እየተባዛ የሚወጣው ቅርጽ በሺዎች ይቆጠራል። ቃል ዘርዝሮ የያዘ አራሚ ይህን ሁሉ አይዘረዝረውም፤ በዝርዝሩ የሌለውን ደግሞ ሁሉ በቀይ ያጥለቀልቀዋል። «ይበላል» ብለሽ ብትጽፊማ ልጁ ይበላል ይሁን እንጀራው ይበላል ይሁን ፊደሉ ራሱ አይናገርም፤ የሚያጠብቀውና የሚያላላው አንባቢው ነው። የእናትሽን ቋንቋ ለዚያ መስመር ብለሽ አትጠራጠሪ። አጥፊው፣ ሴቲንግ ውስጥ አለ።

የሁለቱ ፕሮግራሞች ጠብ ቀላል ነው። ምናልባት አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በእንግሊዝ አጻጻፍ ተሞልቶ ይሆናል። ሦስት ነገር ስትዘረዝሪ ከእንግሊዝኛው «ኤንድ» (እና) በፊት ኮማ ማድረግም ጸሐፊዎች ራሳቸው የማይስማሙበት ነገር ነው። ለጋሾቻችሁ የትኛውን እንደሚፈልጉ ጠይቂ፣ ያንን ሙዪበት፣ አንዱን ፕሮግራም ዛሬውኑ አሰናብቺ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የወረዳውን ኃላፊ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው አለ? በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እሳቸው ደወሉ፣ አንቺ ቁጣ ደረሰብሽ፣ ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር የለም። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ይህን አደርግ ነበር። ደውዪላቸው፤ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ካለ ደግሞ ሄደሽ ብታገኛቸው ይሻላል። «ያን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፓምፑን የጠገኑት የእርስዎ ልጆች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ሲታረም ተበላሽቶ ሳላየው አለፈ። አስተካክዬ አመጣለሁ» በያቸው። ስለ ሶፍትዌር ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ለለጋሾቹም የተስተካከለች አንዲት አንቀጽ መላክ አለባት። ይህን ግን ለሥራ አስኪያጁ ሳትነግሪ ማድረግ አትችዪም።

ስለዚህ ይነገራቸው ወይ ላልሽው፣ አዎ እላለሁ። አነጋገሩ ላይ ግን እንጠንቀቅ። «እኔ ሳልሆን ፕሮግራሙ ነው» ካልሽ ሰበብ ይመስላል። እውነትም ግማሹ ሰበብ ነው፤ ቁልፉን የተጫንሽው አንቺ ነሽ። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጽፈሽ ግቢ። የመጀመሪያው ያንቺ፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ የለወጠው፣ ሦስተኛው የወረዳውን ስም የጠራው ትክክለኛው። ከጎናቸው ነጥባቸውን ጻፊ። ከዚያ «ጋሼ፣ ስህተቱ የእኔ ነው፤ ግን እንዴት እንደተፈጠረ ላሳይዎት። 96 ያገኘው የተሳሳተው ነው» በያቸው። ሰውዬው ለድርጅቱ ስም የሚጨነቁ ይመስለኛል፤ ነጥቡን የሚጠይቁትም ለዚያ ይሆናል። ሕጉን ያንሱ ብለሽ አትግጠሚያቸው። «ከነጥቡ በተጨማሪ አብሮኝ ወረዳ የወረደ አንድ ሰው አንብቦ ይፈርምበት» ብለሽ ሐሳብ አቅርቢ። ፊርማ የማይወድ ሥራ አስኪያጅ አላየሁም።

ምናልባት ይቆጡ ይሆናል። ያለ ፕሮግራም አትጽፍም ይሉኝ ይሆን ያልሽውንም ሊያስቡ ይችላሉ። ያን ፍርሃትሽን አላቃልለውም። ግን አሁን እያሰቡ ያሉት «የምትጽፈውን አታነብም» ነው፤ ከዚህ የባሰ ምን ሊያስቡ?

እኚያ «አምጪ እስኪ ልይልሽ» ያሉሽን ትልቅ ሰው ግን ለምን አፈርሻቸው? እውነቴን ነው የምጠይቅሽ። የማታውቂውን ኩባንያ ማሽን ሳታፍሪ ጽሑፍሽን ሁሉ ታሳዪዋለሽ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ስህተት ሲያዩ የኖሩትን ሰው ፈራሽ። ምናልባት ማሽኑ ፊት ስለሌለው ይሆናል። አይታዘብም፣ አይስቅም። ይገባኛል። ግን ፊት ስለሌለው «እዚህ ጋ ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ዓይንሽን አያይም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሻይ በኋላ፣ አንድ ገጽ ብቻ ይዘሽላቸው ሂጂ። ጡረታ ሳይወጡ። ሻዩን አንቺ ክፈዪ።

ፕሮግራሙን ጨርሰሽ ተይ አልልሽም። እኔም እጠቀማለሁ፤ ይህን ያህል ካማሁት በኋላ መካድ ነውር ነው። ተራውን ብቻ ቀይሪለት። ስትጽፊ ዝጊው። እየጻፍሽ መስመር ሲሰመርብሽ ሐሳብሽን ትተሽ መስመሩን ነው የምታሳድጂው። ጽፈሽ ስትጨርሺ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው፤ ትንፋሽ የሚያሳጥርሽ ቦታ ችግር አለበት። ከዚያ በኋላ ክፈቺውና አንድ በአንድ እዪ። ሁሉንም ተቀበል የምትለዋን ቁልፍ እርሺያት። አንድ ለውጥ በተቀበልሽ ቁጥር ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መልሰሽ አንብቢና ማን አደረገው፣ መቼ፣ ስንት የሚሉት እንዳልተነኩ አረጋግጪ። የቀበሌና የወረዳ ስሞችን በፕሮግራሙ መዝገበ ቃላት ውስጥ ጨምሪያቸው፣ ሁለተኛ አይነዘንዝሽም።

ሌላው ደግሞ፣ አብዛኞቹ እነዚህ አራሚዎች የምትለጥፊውን ጽሑፍ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልኩታል። የታማሚ ስም፣ የተደፈረች ልጅ ታሪክ፣ የስልክ ቁጥር ያለበትን ሪፖርት እንዲሁ አትለጥፊ። ስሙን አውጥተሽ ወይም በፊደል ተክተሽ ይሁን።

የልደት መልእክቱን ነገር ሳነብ ግን ፈገግ አልኩ፣ ወዲያው ደግሞ ቅር አለኝ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ለጓደኛና ለቤተሰብ የምትጽፊውን ሳታሳርሚ ላኪ። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ለምታምኛት ባልደረባ አንዲት አጭር ኢሜይል። እጅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ይንቀጥቀጥ፣ ላኪው። ኮማ ብትጎድል ጓደኛሽ ልደቷን አትሰርዝም።

ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ወይ ላልሽው፣ ያንን ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ወደ እኔ የጻፍሽው ደብዳቤ በአማርኛ ነው፤ ማንም አላረመውም፣ ምናልባት ገጹ ሁሉ በቀይ ተጥለቅልቆ ነበር። የፓምፑን ነገር፣ የቢሮውን መኪና፣ የኃላፊውን ስልክ እንዲህ አድርገሽ ስታወሪኝ አንድም ቦታ ላይ «ምን ማለቷ ነው?» አላልኩም።

ኃላፊውን ስታገኛቸው ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። ፓምፑ አሁንም ውሃ ይሰጥ እንደሆነም ጠይቂልኝ።